ፈረስ የሌለው ዛር

ያን ሰሞን ደክሞኝ ነበር። ኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ ድካም ስለመጣ ነገሬን ከሱ ብጀምር ይሻላል። ሞላሌ ውስጥ የሥዕል አስተማሪ ነኝ። ሥዕል ብቻ ቢሆንማ ደግ ነበር፤ አስተማሪ በጎደለ ቁጥር ጎዶሎውን የምሞላው እኔ ስለሆንኩ ስፖርትም ሥነ ዜጋም አስተምራለሁ። ጠዋት አንድ ፈረቃ፣ ከሰዓት ሌላ ፈረቃ። ውርጩ በተሰበረው መስኮት እየገባ የልጆቹን ጣት እርሳስ ያስጥላል፣ የኔን ደግሞ ጠመኔ። ማታ ማታ የተማሪ ወረቀት በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ወደ ቤት እገባለሁ።

የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። እናቴ ገና በልጅነቴ ስትሞትብኝ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ የራሳቸው ልጅ የላቸውም። እቴቴ ነው የምላቸው። የበግ ፀጉር ይፈትላሉ፣ የፈተሉትን ሸማኔው ባና፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ይሠራዋል። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ እንኳ እንዝርቱ ከእጃቸው አይለይም። ቁጭ ብለው ዐይቻቸው አላውቅም ብል አልዋሸሁም፤ ሲቀመጡም እየሠሩ ነው።

እቴቴ ዛር አለባቸው። እኛ አገር ይህ ነገር ጮክ ተብሎ አይወራም እንጂ የማያውቅ ጎረቤት የለም። ከእናታቸው የወረደ ነው። ዛር በዘር ይሄዳል ይባላል፤ አሮጊቷ ስትደክም ከቤቱ ሴቶች አንዷን ይመርጥና እሷ ላይ ይቀመጣል። የተቀመጠባት ሴት ፈረሱ ትባላለች። በየመስከረሙ ቀይ ወሰራ ዶሮ ይታረድለት፣ አረቄ ይቀዳለት፣ እቴቴም ቀይ ጥለት ያለው ቀሚሳቸውን ይለብሱለት ነበር። ይመጣል፣ በእቴቴ አፍ ይፎክራል፣ የጠፋ በግ የት እንዳለ ይናገራል፣ የጎረቤት ጠብ ይዳኛል፣ ይሄዳል። እሱ ከሄደ በኋላ እቴቴ ለቀናት ከመደብ አይነሱም። ሰው ዛሩን ሊያመሰግን ይመጣል፤ ሾርባ የምሠራላቸው እኔ ነኝ።

ባለፈው መስከረም ግን ይህ ሁሉ ቀረ። እቴቴ ሳይሞቱ አንድ ነገር ፈለጉ። መቁረብ። የዕድሜ እኩዮቻቸው ሁሉ ቆርበው እሳቸው ብቻ በቁርባን ሰዓት ወደ ደጀ ሰላሙ ዳር የሚያፈገፍጉበት ነገር አንገብግቧቸው ነበር። የንስሐ አባታቸው ሳይሸፋፍኑ ነገሯቸው፤ ለዛር እየገበሩ ሥጋ ወደሙ መቀበል የለም፣ ከሁለት አንዱን ይምረጡ አሏቸው። መረጡ። ወሰራውም አረቄውም ቀረ፣ በዚያ ጉልበታቸው ስግደት ያዙ። መስከረምንና ጥቅምትን መገጣጠሚያቸውን ሲቆራርጣቸው ከረመ። እሳቸው ዛሩ ተቆጥቶ ነው ይላሉ፣ እኔ ሪህ ነው እላለሁ፣ መድኃኒቱ ግን ሁለታችንም ጋ አልነበረም። ቻሉት። የጥር ማርያም ዕለት እንዲቆርቡ ተቆረጠ።

"ልጄ፣ ያችን ቀን ብቻ ታድርሰኝ፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ፍጥርጥሩ" ይሉኝ ነበር፣ ያን ጉልበታቸውን እያሹ።

እኔ በበኩሌ በዚያው ሰሞን ሌላ ጣጣ ውስጥ ገብቼ ነበር። ክፍል ውስጥ "የምትወዱትን ጀግና ሳሉ" ብዬ ወረቀት አደልኩ። ስሰበስብ ሁሉም ያው ነው፤ ጠባብ ሱሪ የለበሰ፣ ካባው በነፋስ የሚውለበለብ፣ በፎቅ መሃል የሚበር ፈረንጅ። ሞላሌ ውስጥ ይሄ ሰውዬ የሚበርበት ፎቅ የለም። በስልክ ነው ያዩት፤ አልፈርድባቸውም፣ ግን ያን ቀን ነገር ሁሉ ያናድደኝ ስለነበር ተናደድኩ።

"የኛ ዛሮች ምን አነሳቸው?" አልኳቸው። "ይሰወራሉ፣ በሰው አፍ ይናገራሉ፣ የጠፋ ያገኛሉ፣ ከገደል ገደል ይዘላሉ። ካባ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ በርኖስ የመሰለ ካባ ከየት ይመጣል?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ብቻ አማተበች።

ማታ ቤት ገብቼ ሳልኩት። ለማሾፍ ነበር የጀመርኩት፣ ከዚያ ግን እጄ አልመለስ አለኝ። አንዱን የገደል ዛር አደረግኩት፤ ጭጋጉ ከመርሐቤቴ ቆላ ሲወጣ አብሮ ይወጣል፣ ጥቁር በርኖስ ለብሷል፣ ጎፈሬው ቀንድ ያክላል። አንዷን የምንጭ እመቤት አደረግኳት፤ በሐሰት የሚመሰክር ሰው ስታገኝ ምላሱን ታስራለች። ሦስተኛው ሽማግሌ ነው፣ አናቱን ቅቤ ካልቀቡት ሥራ አይጀምርም። ጠላታቸው ውርጭ ነው። ገብሱ ሊያፈራ ሲል ወርዶ የሚያቃጥለው የኛው ውርጭ። ረጅም ጣትና ነጭ ጥርስ ሰጠሁት። አድማሱን ሞልቶ ሲመጣ ሦስቱ ዛሮች ከቀየት እስከ ዘመሮ ተደርድረው ይጠብቁታል።

አዲስ አበባ የልጆች መጽሔት የሚያዘጋጅ ሰው አለ፤ የመጀመሪያዎቹን ገጾች በስልክ ላክሁለት። ወደደው። "ሙሉውን ጥር ሳያልቅ ላኪልኝ፣ እናትመዋለን" አለኝ። አንድ ጥያቄም ጠየቀኝ፤ "ሱፐርሂሮ ሁሉ አንድ የሚሸነፍለት ነገር አለው። የአንቺ የገደሉ ዛር ድክመቱ ምንድን ነው?" ባስብ ባስብ አልመጣልኝም። "ሽቶ ይወዳል" ብዬ ጻፍኩለት። ሳቀብኝ።

እንግዲህ ከኅዳር እስከ ጥር የነበረው ኑሮዬ ይህ ነው። ከትምህርት ቤት እመለሳለሁ፣ ወረቀት አርማለሁ፣ እስላለሁ። ምግብ ይቀርብልኛል፣ ይቀዘቅዛል። ስተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ዐይኔን ስጨፍን ያልጨረስኩት ገጽ ይመጣብኛል። ጎረቤት "እንዴት አደርሽ?" ሲለኝ እንኳ መልሱ ሸክም ይሆንብኛል። ደግሞ አንድ ልማድ አለኝ። ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩትን ስጽፍ አፍ አውጥቼ ነው። የገደሉ ዛር በወፍራም ድምፅ "እኔ የጭጋጉ ጌታ! ማን ነው በደጄ የሚያልፍ!" እያለ ሲፎክር፣ ድምፁ እስኪስተካከልልኝ ደጋግሜ እሞክረዋለሁ። በኔና በእቴቴ ክፍል መሃል ያለው የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሳቸው ምን እየሰሙ እንደሆነ አንድም ቀን አላሰብኩም።

ጥምቀት እንዳለፈ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቆሎ ይዘውልኝ ገቡ። ገጾቹ አልጋው ላይ ተዘርግተዋል። ፊደል ባይቆጥሩም ሥዕል ያያሉ። ከአንዱ ወደ አንዱ ቀስ እያሉ አዩና የገደሉ ዛር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ቆሎውን መስኮት ላይ አስቀመጡት።

"ይኸን ማን ነገረሽ?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"ግራ እጁን እንዲህ አርጎ መያዙን።"

አየሁት። እውነትም በየገጹ ጀግናው በቀኝ እጁ የግራ አንጓውን ጨብጦ ነው የቆመው። አውቄ ያደረግኩት አልነበረም። ልጅ ሳለሁ ዛራቸው ሲነሳባቸው እቴቴ አንጓቸውን እንዲያ ጨብጠው ሲንቀጠቀጡ ከመደቡ ጥግ ሆኜ ዐይ ነበር፤ እጄ ያን አስታውሶ ይሆናል። ይህንኑ ነገርኳቸው። የሰሙኝ አልመሰለኝም።

"ከዚያ ነው የሚያስረኝ" አሉ። "ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለናትሽም።" ቆይተው ደግሞ ጠየቁኝ። "ፈረሱስ የታለ?"

"የምን ፈረስ እቴቴ?"

"የተቀመጠባት። ሴቲቱ።"

"ይሄ ፈረስ አያስፈልገውም" አልኳቸው። "በራሱ ነው የሚዋጋው። ሱፐርሂሮ ነው።"

የቃሉን ትርጉም አልጠየቁኝም። ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ እንዝርት ሳይዙ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት።

"ፈረስ የሌለው ዛር ፈረስ እየፈለገ ነው ማለት ነው" አሉ። "እኔ ከመስከረም ጀምሬ አባረርኩት። የት የሄደ መስሎሽ ነው? አትበዪም። አትተኚም። ሰው ሲያናግርሽ ትቆጫለሽ። በሱ ድምፅ ስትፎክሪ በግድግዳው እየሰማሁ ዝም ያልኩት፣ ኧረ በማርያም ይቅር ይለኛል ብዬ ነው። አሁን መልኩንም አወጣሽው።"

ሳቅኩ። ሳቄ አላማረም። "እቴቴ፣ ደክሞኝ ነው እንጂ! አለመብላትና አለመተኛት ዛር ከሆነ መምህራን ማረፊያ ክፍል ያለነው በሙሉ ባለ ዛር ነን። የሒሳብ አስተማሪው ለብቻው ያጓራል።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ይስቁ ነበር። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ዐይኔን እያገላበጡ አዩኝ፣ በግ ሊገዛ እንደመጣ ሰው። ወጡ። ቆሎውን እዚያው ተውት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፉ ላይ ቀይ ወሰራ በገመድ ታስሮ አገኘሁ። የጥር ማርያም ልትውል ሁለት ቀን ቀርቷታል። እቴቴ ያን ባለ ቀይ ጥለት ቀሚስ ከሣጥን አውጥተው ፀሐይ ላይ አስጥተውታል። ለማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

"ቁርባንዎስ?" አልኩ።

"እግዜር ካለ ሌላ ጊዜ ይደርሳል።"

"ሌላ ጊዜ የለም ብለው ራስዎ አይደሉም እንዴ ሲያለቅሱ የከረሙት? ይሄን ሁሉ ስግደት! ይሄን ሁሉ ጾም!"

"ሰገድኩ፣ ጾምኩ" አሉ፣ ቀሚሱን እያገላበጡ። "በእኔ ወጣና ባንቺ ገባ። እኔ ልጸድቅ አንቺ ፈረስ ትሆኚ? አንቺ እኮ ገና ልጅ ነሽ፤ ሥራ አለሽ። እሱ ሲጋልብ አጥንት ነው የሚጋልብ። እኔ ለምጄዋለሁ፣ እኔ ላይ ይመለስ።"

ሥዕሎቹን አቃጥላቸዋለሁ አልኳቸው። ያንን የመጽሔት ሰው፣ ሕትመቱን፣ ሁሉንም እተወዋለሁ አልኩ፤ ከልቤ ነበር። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ወደ ጓዳ ወደ ምድጃው ልሄድ ስል እጄን ያዙኝ። ቤት አልባ ማድረግ ያብሰዋል አሉኝ፤ የተቀመጠበትን ስታቃጥይበት ወዴት የሚገባ ይመስልሻል? ለካ በነገሩ ውስጥ ለእኔ የቀረልኝ በር የለም። አላምንበትም ስል ዛሩ ነው የሚያስክደኝ። ስቆጣ ዛሩ ነው። ሳለቅስማ በቃ፣ አለቀ።

ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሮጥኩ። አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራዩ አገኘኋቸው፤ በሬዎቹን አቁመው መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡልኝ። ተሳልሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቄሱም የደከማቸው ሰው ናቸው፤ ሲሰሙኝ መንሹን ተደግፈው ነው።

"እኔ ምን ላድርግ ልጄ" አሉ። "እንዳታርድ ለምኛት። ካረደች ማቁረብ አልችልም፤ ያም የኔ ሥልጣን አይደለም። ቢያንስ ዓመት ቀኖና ይይዛታል።"

"ዓመት የሚቆዩ አይመስለኝም፣ አባ።"

"እኔም አይመስለኝም።" ገለባውን ከጺማቸው አራገፉ። "እርሷ የምትለውን ነገርሺኝ፤ ቆይ፣ አንቺስ በርግጥ ደህና ነሽ? ዐይንሽ ቀልቷል።"

ደህና ነኝ ብዬ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ቄሱን፣ ዛሩን፣ የመጽሔቱን ሰው፣ የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር በየተራ ስሰድብ መጣሁ። ያገኘኝ ሰው ቢኖር ያለ ጥርጥር ጨርቋን ጥላለች ይል ነበር። ስደርስ ወሰራው ታርዷል።

በማግስቱ፣ በዋዜማው፣ ከሰዓት በኋላ ጠሩት። በሩን ዘግተን ሁለታችን ብቻ ነበርን። እቴቴ ቀሚሱን ለብሰው፣ አረቄውን ቀምሰው፣ መደቡ ላይ ወዲያ ወዲህ መወዛወዝ ጀመሩ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ከዚያ አንገታቸው እስኪቀነጠስ። ያ ጉልበት፣ ማጀት ደርሶ ለመመለስ ግድግዳ የሚይዘው ጉልበት፣ ተነሥቶ ሲዘል አየሁት። ድምፃቸው ወፈረ። ፎከሩ። የግራ አንጓቸውን ጨበጡ። እኔ ከኋላ ሆኜ ራሳቸው ከምሰሶው እንዳይጋጭ ደግፌ እይዛለሁ፤ ከእቅፌ ያለው ሰውነት የበግ ፀጉር ከረጢት ያክላል፣ ክብደት የለውም። ሦስት ወር ሙሉ ጡንቻ ስስልለት የከረምኩት ጀግና እኮ የሚዋጋው በዚህ ነው። ያን ጊዜ ጠላሁት። በማላምንበት ነገር ላይ ያን ያህል ጥላቻ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እቴቴን ደግሞ ወደድኳቸው፣ እስኪያመኝ።

"መጣህ?" አሉ መጨረሻ ላይ፣ በገዛ ድምፃቸው፣ ለኔ ሳይሆን። "እሷን ተዋት። እኔ አለሁልህ።" ከዚያ እጄ ላይ ወደቁ።

ውኃ አጠጣኋቸው፣ አስተኛኋቸው፣ ባና ደራረብኩላቸው። የታረመውን የፈተና ውጤት ያን ቀን ጠዋት አስረክቤ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ተዘግቷል። ገጾቹን አልጨረስኩም፣ ለመጨረስም ጉልበቱ አልነበረኝም። ልብሴን እንኳ ሳላወልቅ ጋደም አልኩ።

ስነቃ ፀሐይ ወጥታ ሞቃለች። ከኅዳር ወዲህ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም፤ ሕልም የለ፣ መገላበጥ የለ። እቴቴ ከመደባቸው የሉም። ደንግጬ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። አጥሩ በር ላይ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ቆመው አገኘኋቸው። ከማርያም የቆረቡት እየተመለሱ ነው። እኩዮቻቸው ናቸው፣ ብዙዎቹን ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ። የቆረበ ሰው ሥጋ ወደሙን አክብሮ ከማንም አይነጋገርም፤ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ዝም ብለው፣ ወደ መሬት እያዩ ያልፋሉ። እቴቴ ለእያንዳንዳቸው እጅ ይነሳሉ። አንዷ ቀና ብላ አየቻቸው፣ ከባለ ቀይ ጥለቱ ቀሚስ ላይ ዐይኗን አንሥታ አለፈች።

የመጨረሻዋ ካለፈች በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

"ተኛሽ?" አሉኝ።

"ተኛሁ፣ እቴቴ።"

"እህል አሰኘሽ?"

እርቦኝ ነበር። እውነቱን ነገርኳቸው። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ፤ ያን ሁሉ ወር እንዲያ ሲፈታ አላየሁትም።

"ለቀቀሽ ማለት ነው" አሉ።

ፈተናው ስላለቀ ነው፣ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ነው የተኛሁት ልላቸው ነበር። ነገሩ አንደበቴ ላይ ደርሷል። ይህን ካመኑኝ ግን ቁርባናቸውን የጣሉት በከንቱ ሊሆን ነው።

"አዎ፣ እቴቴ" አልኳቸው። "ለቀቀኝ።"